የወሎ ኦፓል ለየቀን ቀለበት ይሆናል ወይ? ከጅማ የተከፈተ የውይይት ክርና ምላሾቹ

መነሻ ጽሑፍ

ጥር እየደረሰ ነው። ቡናው ተሸጦ ገንዘብ እጁ የገባ ሁሉ ሰርግ ያስባል። ጅማ መርካቶ አጠገብ ያለችው ሱቄም ቀለበት ከሚያዝ ሰው ጦሟን አታድርም። ዘንድሮ ግን አንድ ጥያቄ በዝቶብኛል። ልጆቹ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ያሳዩኛል። የወሎ ኦፓል የሚባለው ድንጋይ ነው፤ ውስጡ አረንጓዴና ቀይ ይጫወትበታል፤ በቀጭን ቀለበት አናት ላይ በአራት ጥፍር ብቻ ተይዟል። ይህንኑ ለቃል ኪዳን ቀለበት ይፈልጉታል። እኔ ደግሞ ከእጅ ለማይወልቅ ቀለበት ኦፓል አላስቀምጥም። ደንበኛ ቢቀየመኝም አላስቀምጥም።

ምክንያቴ ይኸውላችሁ። የድንጋይ ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የሞህስ መለኪያ ይለካል። አልማዝ 10 ነው፣ ሳፋየር 9። ኦፓል ከ5 ተኩል እስከ 6 ተኩል ነው። ቤት ውስጥ የምንጠርገው ተራ አቧራ ደግሞ ኳርትዝ አለበት፤ ኳርትዝ 7 ነው። ጠረጴዛ በተወለወለ ቁጥር፣ ቦርሳ ውስጥ እጅ በገባ ቁጥር አቧራው ድንጋዩን ይፍቀዋል። በአንድ ቀን አይታይም። እየዋለ እያደረ ግን ፊቱ ይደበዝዛል።

ሁለተኛው ውሃ ነው። የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። እንዲያው ለአባባል አይደለም፣ በእውነት ይጠጣል። ለሚጠራጠር ደንበኛ ሱቅ ውስጥ አሳየዋለሁ። የደረቀውን ድንጋይ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ስከተው ከጎኑ ትንንሽ አረፋ ይወጣል። ቀጥሎ ጫፎቹ መጥራት ይጀምራሉ። መጥራቱ ወደ መሀል ይገባና ነጭ የነበረው ድንጋይ እንደ መስታወት ይሆናል፤ የቀለም ጨዋታውም ይጠፋል። አውጥቼ ሳስቀምጠው ቀለሙ የሚመለሰው ቀስ ብሎ ነው፣ አንዳንዱ ቀናት ይፈጅበታል። እርጥቡን ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው ክብደቱ ጨምሯል። ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ ሳሙናም፣ ሽቶም፣ ዘይትም ይጠጣል። ውሃው ይደርቃል፤ ዘይቱ ግን በቀላሉ አይወጣም፣ ድንጋዩን ቢጫ ሊያደርገው ይችላል።

ለሐብልና ለጆሮ ጌጥ ከሆነ ደስ ብሎኝ እሠራዋለሁ። ለየቀን ቀለበት ግን ሌላ ድንጋይ ምረጡ ባይ ነኝ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ምላሾቹ በዝተው ወዲያና ወዲህ ስለሄዱ፣ አዲስ የሚገባ ሰው እንዳይቸገር በየቁጥራቸው እዚሁ ሰብስቤያቸዋለሁ።

ምላሽ 1። ከጅረን የጻፈች ሙሽራ ናት። ሱቄ መጥታ ፎቶውን ካሳዩኝ አንዷ እሷ እንደሆነች በትህትና ነገረችን። ጋሼ ብላ አክብራኝ፣ እጇን ስትታጠብ ብታወልቀው ችግሩ አይፈታም ወይ ብላ ጠየቀች። እኔም በቀን ስንት ጊዜ እንደምትታጠብ እስቲ ቁጠሪው አልኳት። ምሳ አለ፣ ሽንኩርት መክተፍ አለ፣ ቡና ማፍላት አለ፣ ልጅ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነው። በየሰዓቱ የሚወልቅ ቀለበት መጨረሻው የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ላይ መረሳት ነው። የጠፋ ቀለበት ለማሠራት የሚመጣ ሰው ስለማይጠፋ አውቀዋለሁ።

ምላሽ 2። አዲስ አበባ ፒያሳ የሚሠራ የሙያ ባልደረባዬ ነው። በዋናው ነገር ተስማማ። ግን ሙሉ በሙሉ እምቢ ማለቴን አልወደደውም። ድንጋዩ በጥፍር ከሚያዝ ዙሪያውን በወርቅ ቢታቀፍ፣ ከፍ ከማለት ይልቅ ወደ ጣት ቢቀርብ ዕድሜው እንደሚረዝም አስረዳ። ልክ ነው። ጥፍር የድንጋዩን ጠርዝ ራቁቱን ይተወዋል፤ የበር እጀታ ሲነካው የሚሰበረው እዚያው ላይ ነው። ዙሪያውን ማቀፍ ግን የሚያድነው ከምት ነው። ከሳሙናና ከዘይት አያድነውም።

ምላሽ 3። ክሩ የሞቀው እዚህ ላይ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የወሎ ደላንታ ልጅ በንዴት ጻፈ። የሀገሩን ድንጋይ ስም እንዳጠፋሁ፣ ነጋዴው የሚያወራውን እንደደገምኩ ከሰሰኝ። ቀጥሎ የጻፈው ግን ሁሉም ሰው ሊያነበው የሚገባ ነው። በደላንታዋ ከተማ በወገል ጤና አካባቢ ድንጋዩ የተገኘው በ2000 ዓ.ም. ነው። ኦፓሉ ያለው በገደሉ ወገብ ላይ በሚያልፍ ቀጭን ንብርብር ውስጥ ነው፣ ከላይም ከታችም ዐለት። ወጣቶቹ በገደሉ ጠርዝ ላይ በጠባብ መንገድ ሄደው፣ በዶማና በመዶሻ ዋሻ እየቆፈሩ ወደ ውስጥ ይገባሉ። ዋሻው ሲናድ የቀሩ አሉ። ይሰነጠቃል የሚባለው ወሬ ደግሞ ከወሎ በፊት፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ በሸዋ መዘዞ ከተገኘው ቡናማ ኦፓል የመጣ እንደሆነና የእነሱ ድንጋይ ያለ ስሙ ስም እንደተሰጠው ጻፈ።

መለስኩለት። ስለ መዘዞው የተናገረው እውነት ነው፤ የወሎው ከዚያ በጣም ይሻላል። እኔም ይሰነጠቃል አላልኩም። እኔ ያልኩት ለስላሳ ነው፣ ውሃም ይጠጣል ነው። ሰው ነፍሱን አስይዞ ያወጣውን ድንጋይ ሽንኩርት በሚከተፍበት እጅ ላይ አስሮ ማበላሸት ነው ለእኔ ንቀት የሚመስለኝ። አንገት ላይ ከዋለ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ምላሽ 4 የዛሬ የወርቅ ዋጋ ስንት እንደሆነ ጠየቀ። ምላሽ 5ም ያንኑ ጠየቀ። ምላሽ 6 በቁጣ መለሰላቸው፤ ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ መወሰኑንና የዓለም የወርቅ ዋጋም ሽቅብ መውጣቱን አንስቶ፣ ግራም ወርቅ መግዛት ላቃተው ሕዝብ ስለ ድንጋይ ማውራት ቅንጦት ነው አለ። ቁጣው ይገባኛል። ግን ወርቅ ሲወደድ ነው ሰው ወደ ድንጋይ የሚያዘነብለው። ወርቁን ያሳንስና ዓይን የሚስብ ድንጋይ ይጨምርበታል። ስለዚህ የድንጋዩን ነገር ማወቅ ከድሮው ይልቅ የሚያስፈልገው አሁን ነው።

ምላሽ 7። ሦስት ሴት ልጆች የዳሩ እናት ናቸው፣ ከፈረንጅ አራዳ። ከኦፓሉ ወጥተው ሌላ ነገር አነሱ፤ እኔ ግን ከክሩ ሁሉ የሳቸውን ምላሽ ነው የምወደው። ለመጨረሻ ልጃቸው መህር፣ ሙሽራው ለሙሽራዋ የሚሰጠው ስጦታ፣ የተቆረጠው በ21 ካራት ወርቅ፣ በግራም ነበር። ቀለበቱና ሐብሉ ሲመጣ እሳቸው በደረሰኙ አልረኩም፤ ሌላ ወርቅ ቤት ወስደው አስመዘኑት። ግራሙ ሞላ። ችግሩ ቀለበቱ ላይ የተደረደሩት ነጫጭ ድንጋዮችም አብረው መመዘናቸው ነበር። ዚርኮኒያ የሚባለው አልማዝ መሳይ ሰው ሠራሽ ድንጋይ ክብደቱ በወርቅ ዋጋ ተቆጥሯል። በጨዋ ደንብ ሄደው ጠየቁ፣ ሻጩም ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው ብሎ መለሳቸው።

ምላሽ 8 ላይ አንድ ባለ ወርቅ ቤት ሊከላከል ገባ። ድንጋዮቹ ኢምንት ናቸው፣ እየነቀሉ መመዘን አይቻልም፣ ሲገዛም በዚሁ መንገድ ነው የሚገዛው። ድምፁ ሻካራ ነበር፤ ደንበኞች ስለማያውቁት ሙያ መናገር አብዝተዋል እስከማለት ደረሰ።

ምላሽ 9 የኔ ነው። ዝም ማለት አልቻልኩም። ዚርኮኒያ ቀላል ድንጋይ አይደለም። ለዓይን አልማዝ ይምሰል እንጂ ከአልማዝ ይከብዳል። 6 ሚሊ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው አንዱ ብቻ ወደ 0.3 ግራም ይደርሳል። በ3 ግራም ቀለበት ላይ ከአሥር አንዱ ማለት ነው። በወርቅ ዋጋ አስቡት። መንቀልም አያስፈልግም። ሠሪው ድንጋዩን ከማስቀመጡ በፊት ወርቁን ብቻውን ይመዝናል፣ ይጽፋል፣ ከዚያ ያስቀምጣል። ተሠርቶ የመጣ ዕቃ ከሆነ ደግሞ የድንጋዩ ክብደት ከስፋቱ ይታወቃል፣ ሰንጠረዥ አለው። ያው ደንበኛ ቀለበቱን መልሶ ሊሸጥ ሲመጣ እኮ የድንጋዩ ክብደት ይቀነስበታል። ሲሸጥለት ወርቅ የነበረው ከሱ ሲገዛ ድንጋይ የሚሆንበት ምክንያት የለም።

ምላሽ 10። ከአጋሮ የጻፈ የቡና ነጋዴ ስሌቱን አስከተለ። 10 ግራም 21 ካራት ውስጥ 8.75 ግራም ንጹሕ ወርቅ አለ፣ በ18 ካራት ግን 7.5 ግራም። ሰው ግራሙን እያየ ካራቱን እንደሚረሳ አሳሰበ። ትክክል ብሏል። ግን ድንጋይ ላለበት ቀለበት 18 ካራት እመርጣለሁ፤ መዳብና ብር ስለሚበዛበት ይጠነክራል፣ ድንጋዩን አጥብቆ ይይዛል። 21 ካራት ለአምባርና ለሐብል ነው የሚያምርበት። ለስላሳ ስለሆነ ጥፍሩ ቶሎ ይከፈታል።

ምላሽ 11። ጅማ ተወልዶ ውጭ ሀገር የሚኖር ወንድማችን ነው። ለእጮኛው በፋብሪካ የተሠራ አልማዝ ያለበት ቀለበት ይዞ መምጣቱን፣ ሠፈር ውስጥ ግን አርቴፊሻል ነው ተብሎ እንደተናቀበት አካፈለን። ምላሽ 12 አላዘነለትም። ፎርጅድ ፎርጅድ ነው፣ ፋብሪካ የሠራው አልማዝ አይባልም አለው። ምላሽ 13 አንዲት የኬሚስትሪ መምህርት ናት፤ አጥብቃ አረመችው። አልማዝ ካርቦን ነው፣ የፋብሪካውም ካርቦን ነው፣ ጥንካሬውም ያው 10 ነው። ልዩነቱ አንዱ ከመሬት ሆድ በሚሊዮንና በቢሊዮን ዓመታት፣ ሌላው በማሽን በሳምንታት መሠራቱ ነው። ዚርኮኒያ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ከአልማዝ ጋር የሚያገናኘው መልኩ ብቻ ነው። እሷ እንዲህ ካብራራች በኋላ 12 መልስ አጣ፣ ግን ይቅርታም አልጠየቀም።

እኔ የጨመርኩት የዋጋውን ነገር ነው። የፋብሪካ አልማዝ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዋጋው በጣም ወርዷል። ለእጅ ጌጥ ግሩም ነው። ለክፉ ቀን ሸጠዋለሁ ብሎ የሚገዛው ግን ያዝናል። ደግሞ በየሱቁ ያለችውን እስክሪብቶ የምታክል መፈተሻ አትመኗት። እሷ የምትለካው ድንጋዩ ሙቀት እንዴት እንደሚያሳልፍ ነው። የፋብሪካውንም የተፈጥሮውንም አልማዝ ትላለች። ሞይሳናይት የሚባለውን ድንጋይም አልማዝ ትላለች፣ እሱ ግን ካርቦን ብቻ ሳይሆን ሲሊከን ያለበት ሌላ ድንጋይ ነው። ሞይሳናይትን የሚለየው ኤሌክትሪክ ማሳለፉን ጭምር የሚፈትሽ መሣሪያ ነው።

ምላሽ 14 የመፈተሻዋን ዋጋ ጠየቀ። የመለሰለት የለም።

ምላሽ 15። ሻኪሶ ደርሶ የተመለሰ የድንጋይ ነጋዴ፣ ኦፓል ካልሆነ የጉጂ ኤመራልድ ለምን አይሆንም ብሎ ገባ። በ2009 ዓ.ም. አካባቢ ገበያ ላይ የወጣው የሻኪሶ ኤመራልድ አረንጓዴው እንደሚያስጎመጅ መሰከረ። እኔም አይቼዋለሁ፣ ያምራል። ጥንካሬው ከ7 ተኩል እስከ 8 ስለሆነ ከአቧራው ይተርፋል። ግን ኤመራልድ በተፈጥሮው ውስጡ ስንጥቅ ይበዛዋል፤ በዓለም ገበያ ያለው አብዛኛው ስንጥቁ እንዳይታይ ዘይት የጠጣ ነው። ስለዚህ እሳትና ሙቅ ውሃ ጠላቶቹ ናቸው።

እዚህ ላይ ስለ እሳት ሳልናገር አላልፍም። ቀለበት ሲሰፋ ወይ ሲጠብ ይቆረጣል፣ በእሳት ይበየዳል። ሳፋየር እሳቱን በጥንቃቄ ከተያዘ ይችለዋል። ኦፓልና ኤመራልድ ግን ከቦታቸው ተነቅለው ካልወጡ አለቀላቸው። አምና አንዲት ልጅ ያመጣችልኝን ቀለበት አልረሳውም። ሌላ ቦታ አስፍታው ነበር፣ ማን ጋ እንደሆነ አልናገርም። ድንጋዩን ሳያወጡ እሳት ሰጥተውታል። ኦፓሉ መሀሉን ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ቀለሙ ሞቶ፣ ኖራ መስሎ ነበር። ሠሪው ጋ ስትመለስ ድንጋይሽ ድሮውንም ደካማ ነው አሏት። ድንጋዩ ደካማ መሆኑን የሚያውቅ ሰው እሳት አይሰጠውም። ሙያ የሚባለው ይሄው ነው፣ ምኑ እንደሚጎዳው ቀድሞ ማወቅ። ደንበኛዋ ልታውቀው አይጠበቅባትም፤ የኛ ሥራ ነው።

ምላሽ 16 የትግራይን ሳፋየር አነሳ፣ ከአክሱም አካባቢ የሚወጣውን። ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው፤ ብረት ስለሚበዛበት አንዳንዱ ጥቁር እስኪመስል ይጠቁራል። ጥንካሬው ግን 9 ነው፣ ውሃ አይጠጣም። ለየቀን ቀለበት ምን ልምረጥ ለሚለኝ የመጀመሪያ መልሴ ይኸው ነው።

ምላሽ 17። ከጅማ የጻፈ ሙስሊም ወጣት፣ ወሬው ሁሉ የሙሽራዋ ሆነና ሙሽራው ተረሳ አለ። ወንድ ወርቅ ማድረግ በሃይማኖታቸው ስለማይፈቀድ ምን ይሻላል ነው ጥያቄው። ብር ይሻላል፣ 925 የሚለው ማኅተም ያለበት። ከሺህ ውስጥ 925ቱ ብር ነው፣ ቀሪው መዳብ። ይጠቁራል፣ ግን በጨርቅ ሲወለወል ይመለሳል። አሁን ወጣቱ የሚወደው ጥቁር የተንግስተን ቀለበት ርካሽ ነው፣ በቀላሉ አይቧጨርም። ግን አይሰፋም አይጠብም፤ ጣት ከወፈረ መጣል ነው። ያንን አውቃችሁ ግዙ።

ምላሽ 18። አንድ አዛውንት ጻፉ፣ ብር ሲባል ልባቸው ተነክቶ። እናታቸው በበዓል ያደርጉት የነበረው የብር ሐብል ከጠገራ የተሠራ እንደነበር አወጉን። ጠገራው 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት ያለበት የማሪያ ቴሬዛ ብር ነው፤ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ከሺህ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። የድሮ አንጥረኞች ያንን እያቀለጡ ነው አምባሩንም መስቀሉንም የሠሩት። ሐብሉን ልጆቻቸው አቅልጠው ዘመናዊ ሰንሰለት ሊያሠሩበት እንዳሰቡ ጨምረው ምክር ጠየቁ።

ለሳቸው ረጅም ጻፍኩ። አባቴ፣ እባክዎ አያስቀልጡት አልኩ። የቀለጠው ብር በግራም ከተሸጠ የሚያወጣው ትንሽ ነው። በእጅ የተጎነጎነውን ሽቦ፣ በአንድ በአንድ የተበየደውን ፍሬ መልሶ የሚሠራ ሰው ግን ዛሬ ማግኘት ከባድ ነው። እኔ ሱቅ እንዲህ ያለ ዕቃ ይዞ አቅልጥልኝ ብሎ የሚመጣ አለ። አጥቤ፣ የተበጠሰውን ጠግኜ እመልሳለሁ እንጂ አላቀልጥም።

ምላሽ 19 ደግሞ ገዢ ነኝ፣ ስልክዎን ይላኩ ብሎ ተንደረደረባቸው። ምላሽ 20 እና 21 አንድ ላይ ተነሱበት፤ ዕድሜ ያላቸውን ሰው ማዋከብ ነውር ነው አሉት። እሱም ተሳደበ። ስድቡን እዚህ አልደግመውም።

ምላሽ 22። የደላንታው ልጅ ተመለሰ፣ ንዴቱ በርዶ። የብርጭቆውን ሙከራ ከዚህ በፊት አድርጎት እንደማያውቅ፣ አሁን ግን ከጓደኞቹ ጋር አንድ ድንጋይ በውሃ ሞክረው ቀለሙ ሲጠፋ ደንግጠው ሲመለስ እንደተደሰቱ ጻፈ። ጥያቄም አመጣ፤ ሀገሩ ያሉ ወንድሞቹ ድንጋይ ሲሸጡ ገዢ እርጥብ ነው ብሎ ዋጋ ይቆርጥባቸዋል። እውነት ገዢው ሊቆርጥ ይችላል፣ ምክንያቱም እርጥብ ድንጋይ ይከብዳል። መፍትሔው ከሽያጭ በፊት ጥላ ውስጥ በደንብ ማድረቅ ነው። ፀሐይ ላይ ወይ እሳት ዳር አይሆንም፣ ድንገተኛ ሙቀት ይሰነጥቀዋል። በደረቅ ክብደት የሸጠ ሰው ላይ ማንም ሰበብ አያገኝም።

ምላሽ 23። ሙሽራዋ ደገመች። ከእጮኛዋ ጋር ክሩን አብረው አንብበውታል። ለየቀኑ ድንጋይ የሌለው 18 ካራት ቀለበት ሊያደርጉ፣ ኦፓሉን ደግሞ ለሐብል ሊያሠሩ ተስማምተዋል። ደረሰኙ ላይ የወርቁ ግራም ለብቻ፣ የድንጋዩ ዓይነትና ክብደት ለብቻ እንዲጻፍላትም ጠየቀች፤ የምላሽ 7ዋን እናት ጠቅሳ አመሰገነች። እኔም እሺ አልኳት። ዙሪያውን በወርቅ አቅፌ፣ ጀርባውን ክፍት ትቼ እሠራዋለሁ፣ እርጥበት ከገባ እንዲወጣ። ሁለታችሁም ኑ፣ ግን ከሰዓት በኋላ ይሁን። ጠዋት በብርድ ጣት ይቀጥናል፣ ያኔ የተለካ ቀለበት ቀትር ላይ ያጣብቃል።